የልጅ የግል የትምህርት ዕቅድና የወላጅ ድርሻ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፣ በወላጆች ቀን በአማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች የተነገረ ንግግር)





ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ሳምንት በፊታችሁ ቆመን በእናት በአባቶቻችን ቋንቋ እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሕንፃው ማማር፣ በኳስ ስለ ተገኘው ዋንጫና ወደ ዩኒቨርሲቲ ስለ ገቡት ተማሪዎች ብዛት ነው። ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። እኛ ግን ዛሬ የመረጥነው ርእስ ከዚህ ለየት ያለ ነው። እርሱም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም በሌላው የአሜሪካ ክፍል የሚኖሩትን የአገራችንን ሰዎች ብዙ የሚያስጨንቀው፣ በእንግሊዝኛ አጠራሩ «አይ ኢ ፒ» የሚባለው ነገር ነው። በአማርኛ የግል የትምህርት ዕቅድ ልንለው እንችላለን። ይኸውም የአካል፣ የአእምሮ፣ የንግግር ወይም የመማር ችግር ላለበት ልጅ ለእርሱ ብቻ ተብሎ የሚጻፍ የትምህርት ዕቅድ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት አለን። ከመካከላችን ታናሽ ወንድሙ ወይም ታናሽ እኅቱ በዚህ ዕቅድ የሚማሩለት፣ ራሱም በዚሁ ዕቅድ የሚማር ተማሪ ይገኛል። ወላጆቻችን ወደ ስብሰባው ሲጠሩ ከሥራ ፈቃድ ለምነው፣ ልብሳቸውን ለውጠው፣ በሰዓቱ ይደርሳሉ። በጠረጴዛው ዙሪያ አምስት ስድስት ሰዎች ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል። አንድ ሰዓት ያህል ይነገራል። ወላጅ «እሺ» ይላል፤ ይፈርማል፤ ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል። በቤት ውስጥ «ምን አሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ «ደኅና ነው፣ እንረዳዋለን ብለዋል» ከማለት አያልፍም። ወረቀቱም ከመብራትና ከስልክ ሒሳብ ጋራ በመሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

ዛሬ ልናስረዳ የምንፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ወላጅ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ በእንግድነት የተጠራ ሰው አይደለም። በሕግ የተቈጠረ የጉባኤው አባል ነው። ስለዚህም ያልገባውን መጠየቅ፣ ያልተስማማበትን «አልተስማማሁም» ማለት፣ ስለ ልጁ የሚያውቀውንም መናገር ሥራው ነው እንጂ ድፍረት አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ ዕቅዱ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ እንናገር። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በአሜሪካ ከ1975 በፊት ዐይነ ስውር የሆነ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ ወይም አእምሮው ቀስ ብሎ የሚያድግ ልጅ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲመጣ «ለእንዲህ ያለ ልጅ ቦታ የለንም» ተብሎ ሊመለስ ይችል ነበር። የአገሪቱ ምክር ቤት ሕጉን ባወጣ ጊዜ፣ ጉዳት ካለባቸው ከ8 ሚሊዮን የሚበልጡ ልጆች መካከል ከግማሽ በላይ የሆኑት የሚገባቸውን ትምህርት እንደማያገኙ፣ 1 ሚሊዮን የሚሆኑት ደግሞ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ፈጽሞ እንደ ራቁ በሕጉ መግቢያ ላይ ጽፎ ነበር።

ይህን ለመለወጥ የተነሡት ወላጆች ነበሩ። በ1954 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቍርና ነጭ ልጆችን በመንግሥት ትምህርት ቤት ለያይቶ ማስተማር ከሕገ መንግሥቱ ጋራ እንደማይስማማ ፈረደ። ይህ ፍርድ ጉዳት ያለባቸው ልጆች ወላጆችም «የእኛስ ልጆች?» ብለው እንዲጠይቁ መንገድ ከፈተ። በፔንሲልቬንያ አንድ የወላጆች ማኅበር ክስ አቅርቦ በ1971 ስቴቱ ልጆቻቸውን እንዲያስተምር ስምምነት አገኘ። በ1972 ደግሞ በዚሁ በዋሽንግተን ከተማ በ7 ልጆች ስም በቀረበ ክስ ፍርድ ተሰጠ። የትምህርት ቦርዱ የገንዘብ እጥረት አለብን ብሎ ቢከራከርም፣ ዳኛው ጆሴፍ ዋዲ የገንዘቡ ማነስ ጉዳት ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ሊከብድ አይገባም ሲሉ ፈረዱ። ከዚህም በኋላ ፕሬዚደንት ጄራልድ ፎርድ ኖቬምበር 29 ቀን 1975 በሕጉ ላይ ፈረሙ። ሕጉ በ1990 ዛሬ የሚጠራበትን «አይዲያ» የተባለውን ስም አገኘ፤ በ2004ም ተሻሻለ። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞቹ ሁሉ በተስማሙበት ፍርድ፣ ዕቅዱ ልጁ እንደ ሁኔታው በእውነት ወደ ፊት እንዲራመድ የሚያስችል ሆኖ መዘጋጀት እንዳለበት ገለጠ። እንግዲህ ሕጉ ራሱ የተወለደው ከወላጆች ጥያቄ ነው። ዛሬ በስብሰባ ላይ የምትጠይቅ እናት እነዚያ ወላጆች የጀመሩትን ሥራ ትቀጥላለች ማለት ነው።

ዕቅዱ የሚደረገው ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 21 ዓመት ለሆኑ ልጆች ነው። ሕጉ 13 ዐይነት ጉዳቶችን ይዘረዝራል። ከእነዚህም ውስጥ ኦቲዝም፣ የማየትና የመስማት ችግር፣ የንግግርና የቋንቋ ችግር፣ የአእምሮ እድገት መዘግየት፣ እንዲሁም ንባብ፣ ጽሕፈት ወይም ሒሳብ የሚያስቸግርበት የተለየ የመማር ችግር ይገኛሉ። ከሁሉ የሚበዛው ይህ በመጨረሻ የጠቀስነው ነው። በ2022 እና በ2023 መካከል በነበረው የትምህርት ዘመን በዚህ ሕግ ልዩ ትምህርት ያገኙት ልጆች 7.5 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ይህም ከመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከመቶው 15 ማለት ነው። ስለዚህ ልጁ በዚህ ዕቅድ የሚማርለት ወላጅ ብቻውን የቀረ እንዳይመስለው።

ይህን የምንለው በአገራችን ልማድ እንዲህ ያለው ነገር እንደ ነውር ስለሚቈጠር ነው። ልጁን ሰው እንዳያየው በጓዳ የሚያሳድግ፣ የትምህርት ቤቱንም ደብዳቤ ለቅርብ ዘመድ እንኳ የማያሳይ አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስለናል። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚይዝላቸው ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ ልጃቸውን በመደበቅ ፈንታ በአደባባይ ወጥተው ተናገሩ። በ2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማእከል አቋቁመው፣ በ2021 እስካረፉ ድረስ ለብዙ ልጆች ደከሙ። እርሳቸው ማእከሉን ያቆሙት የሚያስገድድ ሕግ ሳይኖርላቸው ነው። በዚህ አገር ያለ ወላጅ ግን ሕጉ አስቀድሞ ተጽፎለታል፤ የቀረው ማወቅና መጠቀም ነው።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሄድ በተራ እናስረዳ።

ልጁ በትምህርቱ፣ በንግግሩ ወይም በጠባዩ የሚያሳስብ ነገር እንዳለው የተመለከተ ወላጅ መምህሩ እስኪጠራው መጠበቅ የለበትም። «ልጄ እንዲመረመርልኝ እጠይቃለሁ» ብሎ በጽሑፍ፣ ቀኑን መዝግቦ፣ ለትምህርት ቤቱ ሊሰጥ ይችላል። ቅጂውን በእጁ ያስቀር። ትምህርት ቤቱ ምርመራ አያስፈልግም ቢል ምክንያቱን በጽሑፍ የመግለጥ ግዴታ አለበት። ምርመራ ስንል የሐኪም መርፌ ማለታችን አይደለም። ባለሙያዎች ልጁን በጥያቄ፣ በጨዋታ፣ በንባብና በጽሕፈት እየፈተኑ፣ በክፍልም ውስጥ እየተመለከቱ የሚያደርጉት ጥናት ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይደረግም። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ በ60 ቀን፣ ወይም ስቴቱ በወሰነው ሌላ ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለበት። ልጁ ልዩ ትምህርት ይገባዋል ከተባለም ዕቅዱን ለመጻፍ በ30 ቀን ውስጥ ስብሰባ ይደረጋል። ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል፤ ምርመራውም ወላጅና ትምህርት ቤት አያስፈልግም ብለው ካልተስማሙ በቀር ቢያንስ በ3 ዓመት አንድ ጊዜ ይደገማል። ለዚህ ሁሉ ከወላጅ የሚጠየቅ ገንዘብ የለም።

እዚህ ላይ ለእኛ ቤተ ሰቦች በጣም የሚያስፈልግ ነገር አለ። ሕጉ አንድ ልጅ እንግሊዝኛ ስላላወቀ ብቻ ጉዳት እንዳለበት ሊቈጠር አይገባም ይላል። ምርመራውም በተቻለ መጠን ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ መደረግ አለበት። ከኢትዮጵያ በቅርብ የመጣ ልጅ በክፍል ውስጥ ዝም ቢል፣ ዝምታው የቋንቋ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ እውነተኛ ችግር ያለበት ልጅ «እንግሊዝኛውን ሲለምድ ይስተካከላል» እየተባለ ሁለት ሦስት ዓመት ሳይረዳ ሊቀር ይችላል። ሁለቱም ስሕተት ልጁን ይጎዳል። ታዲያ ይህን ለመለየት ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ማን ነው? እናትና አባት ናቸው። ልጁ በአማርኛ ሲናገር እንደ እኩዮቹ ነው ወይስ አይደለም? በስንት ዓመቱ አፉን ፈታ? በአማርኛ የተነገረውን ትእዛዝ ይፈጽማል? ተረት ሲነገረው መልሶ ማውራት ይችላል? በአማርኛም የሚያስቸግረው ከሆነ ነገሩ የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። ይህን በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት ባለሙያዎች መካከል ከወላጅ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

በስብሰባው ላይ የሚገኙት እነማን ናቸው? አንደኛ ወላጆች፤ ሁለተኛ ልጁን በመደበኛው ክፍል የሚያስተምር መምህር፤ ሦስተኛ የልዩ ትምህርት መምህር፤ አራተኛ የዲስትሪክቱ ተወካይ፤ አምስተኛ የምርመራውን ውጤት ሊተረጉም የሚችል ባለሙያ ናቸው። ልጁም ራሱ የሚገባ ሲሆን ይገኛል። ከዚህም በላይ ወላጅ ልጁን የሚያውቅ ሌላ ሰው፣ ዘመድም ቢሆን ጎረቤትም ቢሆን፣ ይዞ ሊመጣ ይችላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ብቻውን ከመቀመጥ ከሚያምኑት ሰው ጋራ መቀመጥ ልብን ያረጋጋል።

ወረቀቱ ብዙ ገጽ ስላለው ያስፈራል። ነገር ግን ዋናው ቁም ነገሩ በአራት ጥያቄ ይጠቃለላል።

1ኛ፤ ልጁ ዛሬ የት ደርሷል? ለምሳሌ በ3ኛ ክፍል ያለ አንድ ልጅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 40 ቃል በትክክል ያነባል ተብሎ ይጻፋል። «ደካማ ነው» ተብሎ ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ ወላጅ «ምን ያህል?» ብሎ ይጠይቅ።

2ኛ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የት ይደርሳል? ግቡ የሚለካ መሆን አለበት። «ንባቡ ይሻሻላል» የሚል ግብ ከዓመት በኋላ ደረሰ ወይም አልደረሰም ሊባል አይችልም። «በዓመቱ መጨረሻ በደቂቃ 75 ቃል በትክክል ያነባል» የሚለው ግን ይቈጠራል። እድገቱ እንዴት እንደሚለካና ለወላጅ በየስንት ጊዜው እንደሚነገር አብሮ መጻፍ አለበት።

3ኛ፤ ምን እርዳታ ይሰጠዋል? የልዩ ትምህርት መምህር፣ የንግግር ባለሙያ፣ ወይም ሌላ ረዳት ከሆነ ከመቼ ጀምሮ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ደቂቃ፣ የት እንደ ሆነ ይጻፋል። በሳምንት 3 ጊዜ 30፣ 30 ደቂቃ ከተጻፈ በጠቅላላው 90 ደቂቃ ነው። ይህን ቍጥር ወላጅ በራሱ ደብተር ይጻፈው፤ በወሩ መጨረሻም ተሰጥቶ እንደ ሆነ ይጠይቅ።

4ኛ፤ የሚማረው የት ነው? ሕጉ የሚለው ልጁ በሚቻለው ሁሉ ጉዳት ከሌለባቸው ልጆች ጋራ እንዲማር ነው። ከእነርሱ የሚለይበት ሰዓት ካለ ምክንያቱ መገለጥ አለበት። ብዙ ወላጆች «ልዩ ትምህርት» ሲባል ልጃቸው ወደ ሌላ ክፍል ተወስዶ በዚያ የሚቀር ይመስላቸዋል። ልዩ ትምህርት ግን እርዳታ ነው። አብዛኛውን ቀን በመደበኛው ክፍል ሆኖ የሚያገኘው ልጅ ብዙ ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአገራችን መምህር የተከበረ ነው። የተማረ ሰው ሲናገር ማቋረጥ፣ ደጋግሞም መጠየቅ እንደ ብልግና ይቈጠራል። «ዝም አይነቅዝም» ተብለን አድገናል። ደግሞም በአማርኛ «እሺ» ስንል ብዙ ጊዜ «እየሰማሁ ነው፣ ይቀጥሉ» ማለታችን ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ግን «እሺ» ሲባል የሚሰሙት «ተስማምቻለሁ» ተብሎ ነው። አንገታችንን ስንነቀንቅም እንደዚሁ ነው። እንግዲህ በአክብሮት የተደረገው ዝምታ በመስማማት ይተረጎማል፤ ልጁም በዚህ ምክንያት የሚገባውን ሊያጣ ይችላል። እኛ ወላጆቻችንን አክብሮትን ይተዉ አንላቸውም። ነገር ግን እነዚያው አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋልና፣ በዚህ ስፍራ ሁለተኛው ተረት ይሻላል።

ስለ አስተርጓሚም መናገር ይገባናል። ወላጅ በስብሰባው ላይ የሚነገረውን እንዲረዳ ማድረግ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ቋንቋው ሌላ ለሆነ ወላጅ አስተርጓሚ ማቅረብም በዚሁ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። ክፍያው በወላጅ ላይ አይደለም። ስለዚህ የስብሰባው ጥሪ እንደ ደረሰ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብሎ በጽሑፍ ማስታወቅ ነው። «ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ» በማለት ይህን መብት መተው አይገባም። በገበያና በሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛ ለእንዲህ ያለው ስብሰባ ላይበቃ ይችላል።

እዚህ ላይ እኛ ልጆቻችሁ አንድ ልመና አለን። ታላቅ ወንድምን ወይም ታላቅ እኅትን አስተርጓሚ አታድርጉ። የ14 ዓመት ልጅ ስለ ታናሽ ወንድሙ የሚነገረውን ከባድ ቃል ሰምቶ ለእናቱ እንዲነግር ሲደረግ፣ ወይ ያለሰልሰዋል፣ ወይ ይዘለዋል። በእንግሊዝኛ የእድገት መዘግየት የተባለው በአማርኛ «ዘገምተኛ» ተብሎ ቢተረጎም እናት የምትሰማው ስድብ ነው። ቃሉን አውቆ የሚተረጉም ሠልጣኝ ሰው ለዚህ ያስፈልጋል። እኛም በስብሰባው ላይ ወንድምና እኅት ሆነን ብንቀመጥ ይሻለናል።

ወረቀትን በሚመለከት ወላጅ የዕቅዱን ቅጂ ያለ ክፍያ ያገኛል። ከዚህ የሚያልፍ መብት የሰጡ ስቴቶችም አሉ። ለምሳሌ በሜሪላንድ ሕግ ትምህርት ቤቱ በስብሰባው ላይ የሚታዩትን ጽሑፎች ከስብሰባው ቢያንስ 5 የሥራ ቀን አስቀድሞ ለወላጅ ይሰጣል። እንዲሁም የወላጅ ቋንቋ በዚያ የትምህርት አስተዳደር ከሚገኙት ተማሪዎች ከመቶ ከ1 በሚበልጡት የሚነገር ከሆነ ወላጅ ዕቅዱ እንዲተረጎምለት መጠየቅ፣ ትርጉሙንም በ30 ቀን ውስጥ ማግኘት ይችላል። ስለዚህ በምትኖሩበት ስቴት ያለውን ጠይቁ። በየስቴቱ ወላጆችን በነጻ የሚያስረዳ ቢያንስ አንድ የወላጆች መረጃ ማእከል አለ።

ፊርማስ? በስብሰባው ላይ መገኘትን ለመመዝገብ የሚደረግ ፊርማ አለ፤ በዕቅዱ መስማማትን የሚገልጥ ፊርማም አለ። ሁለቱ አንድ ስላልሆኑ «ይህ ፊርማ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ልዩ ትምህርት እንዲጀመርለት የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ የግድ ነው። በዚያው ቀን መፈረም ግን ግዴታ አይደለም፤ «ወደ ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለሚታደሰው ዕቅድ ፊርማ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ከስቴት ስቴት ይለያያል። ስለዚህ ያልተስማማ ወላጅ ፊርማውን በመከልከል ብቻ ነገሩ ያበቃ እንዳይመስለው፤ አለመስማማቱን በጽሑፍ ያስታውቅ።

በምርመራው ያልተስማማ ወላጅ ከትምህርት ቤቱ ውጪ በሆነ ባለሙያ ሌላ ምርመራ በመንግሥት ገንዘብ እንዲደረግለት ሊጠይቅ ይችላል። ትምህርት ቤቱም ወይ ይከፍላል፣ ወይ የራሱ ምርመራ በቂ መሆኑን በገለልተኛ ዳኛ ፊት ያስረዳል። በዕቅዱ ላይ ለሚነሣው ክርክር ደግሞ በፈቃድ የሚደረግና ለወላጅ ክፍያ የሌለው ሽምግልና አለ። ሽምግልና ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በሽምግልና ካልተቋጨ ለስቴቱ አቤቱታ ማቅረብ፣ ወይም በገለልተኛ ዳኛ ፊት መከራከር ይቻላል። በዳኛ ፊት ያለው ክርክር እስኪያልቅ ልጁ በነበረበት ክፍልና እርዳታ ይቈያል። አቤቱታ ማቅረብ ከመምህሩ ጋራ ጠላትነት መፍጠር አይደለም።

አንዳንድ ወላጆች «ልጁ ግራ እንዳይጋባ በቤት አማርኛ ተዉ» የሚል ምክር ሰምተው ከልጃቸው ጋራ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ብቻ ሲነጋገሩ ይታያሉ። የንግግር ችግር ወይም ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ቋንቋ መስማት ችግሩን እንደሚያባብሰው አላሳዩም። ወላጅ አሳምሮ በሚናገረው ቋንቋ ልጁን ቢያጫውተው፣ ቢመክረው፣ ተረት ቢነግረው ለልጁ ይጠቅመዋል። ደግሞስ አያቱ በስልክ ሲደውሉለት በምን ቋንቋ ይመልስላቸው?

ከስብሰባው በፊት በአንድ ማታ የሚያልቅ ሥራ አለ። በግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ በአማርኛ ሦስት ነገር ጻፉ፤ ልጄ ምን ይችላል? ምን ያስቸግረዋል? በዚህ ዓመት ምን ቢማር ደስ ይለኛል? በክፍል ውስጥ የማይናገረው ልጅ በቤት ሳንቲም ቈጥሮ ይለይ ይሆናል፤ ጸሎቱን በቃሉ ያደርስ ይሆናል፤ ታናሹን ያባብል ይሆናል። ይህን መምህሩ አላየውም። በስብሰባው ላይ አስተርጓሚው ያንብበው። ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ከትምህርት በኋላ ስለሚሆነው፣ ስለ ሥራና ስለ ኑሮው በዕቅዱ መጻፍ ይጀመራልና ልጁም ራሱ ይጠራል። በብዙ ስቴቶች በ18 ዓመቱ መብቱ ከወላጅ ወደ እርሱ ይተላለፋል። ስለዚህ ልጁ ስለ ራሱ መናገርን ከአሁኑ ከእናንተ ይማር።

የተከበራችሁ መምህራን፤ የእኛ ወላጅ ዝም ሲል ያልገባው ነገር እንዳለ አስቡ። «ገባዎት?» ተብሎ ቢጠየቅ በአክብሮት «አዎ» ይላል። «እስቲ የተስማማንበትን እርስዎ ይንገሩን» ብትሉት ግን የገባውና ያልገባው ይለያል።

ጓደኞቻችንም ሆይ፤ ለእርዳታ ከክፍል የሚወጣውን ተማሪ በዐይናችን አንከተለው፤ በስሙም አንቀልድበት። ዕቅድ በወረቀት ላይ ቢያምርም፣ በመተላለፊያው የሚሣቅበት ልጅ ትምህርቱን ይጠላል።

ወላጆቻችን፤ ይህን ትምህርት ቤት ስታምኑት ልጆቻችሁን ሰጥታችሁታል። እምነቱ የሚጸናው ስትጠይቁ ነው። የዘንድሮው ስብሰባ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ከመሳቢያ ያለውን የአምናውን ዕቅድ አውጡ፤ ግቡን ከደረሰበት ጋራ አስተያዩ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ግማሿን ገጽ ጽፋችሁ ኑ። መናገር ሲገባችሁም ተናገሩ፤ ወንበሩ የእናንተ ነውና።